ከአደባባዩ ዓመት የሚቆጥረው ዋጊህ

ካይሮ ውስጥ፣ ከአክሲዮን ገበያው ሕንፃ ጀርባ፣ መኪና የማይገባባት አንዲት ቅያስ አለች። በዓለም ላይ ካሉት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ግማሾቹ እዚያ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ የቀሩት ግማሾቹ ደግሞ ወንበር እስኪለቀቅላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። በእኛ ቡና ቤት «ስለ አክሲዮን አላውቅም» ያለ ሰው ካለ አስተናጋጁ ዛግሉል ያቀረበለትን ሻይ መልሶ ይወስድበታል።

ዋጊህ ቡስጣውሮስ የሚቀመጠው ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ከመስኖ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ፣ በነሐሴም ሹራቡን የማያወልቅ፣ ሲስቅ ትከሻው እንጂ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቦይ ውሃ ስንት ጣት እንደ ጨመረና ስንት ጣት እንደ ቀነሰ ሲገለብጥ ኖረ። አላገባም። በጎልማሳነቱ አንዲት የባንክ ጸሐፊ ለትዳር ሊጠይቅ ሄዶ ነበር ይባላል። የልጅቱ አባት «ደመወዝህ እንዴት ነው?» ቢሉት፣ ዋጊህ ከኪሱ ካልኩሌተሩን አውጥቶ የደመወዙን አማካይ ዓመታዊ ዕድገት እዚያው ሶፋው ላይ አሰላና «አንድ ነጥብ ሦስት በመቶ» ብሎ እውነቱን ነገራቸው። ሻዩ እስኪፈላ እንኳ አላቆዩትም።

ካልኩሌተሩ ካሲዮ ነው። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ሎግ፣ ምኑ ቅጡ! ሮኬት ለማስወንጨፍ የሚጎድለው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነበር። ዋጊህ ግን ከዚያ ሁሉ ቁልፍ የሚነካው ማካፈያውን፣ ሥር ማውጫውንና መቀነሻውን ነው። እነሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፋፍቆ ጠፍቷል፤ የቀሩት እንደ ሙሽራ ጥርስ ያብረቀርቃሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ፋብሪካ በዓመት አንዴ ለባለ አክሲዮኖቹ የሚያካፍለውን ትርፍ እኛ ኩፖን እንለዋለን። አንድ ሰው ይመጣና «ኡስታዝ፣ የእገሌ ጨርቃ ጨርቅ ኩፖን እንዴት እያደገ ነው?» ይለዋል፤ በካይሮ የተማረ ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ኡስታዝ ነው። ዋጊህ መነጽሩን ይጠርግና ይጀምራል። «የመጨረሻውን ኩፖን ለመጀመሪያው አካፍል። በመካከላቸው ስንት ዓመት አለ? አምስት። እንግዲያው አምስተኛ ሥሩን አውጣ። አንዱን ቀንስ። የቀረው አማካይ ዓመታዊ ዕድገቱ ነው። በቃ፣ ተአምር የለውም።»

ተአምሩ ያለው መነሻው ላይ ነው።

አደባባዩ በሰው ሞልቶ መንግሥት የወደቀ ጊዜ የአክሲዮን ገበያው ሁለት ወር ግድም ተዘጋ። ሲከፈት ግማሻችን የከሰርን፣ ግማሻችን መክሰራችንን ገና ያልሰማን ነበርን። ያን ቀን የቀለም ነጋዴው ሐጂ ሙተወሊ ጠረጴዛውን በጡጫ መቶ ሕግ አወጣ።

«ካሁን በኋላ በዚህ ጠረጴዛ ከአደባባዩ በፊት የነበረ ነገር አይቆጠርም! ሬሳ ተቀብሯል። የሟቹን ቁመት የሚለካ ጅል ነው።»

ማንም አልተቃወመም። ሐጂ የሚናገረው ለሁለት ሠፈር በሚበቃ ድምፅ ስለሆነ መቃወም ቢያምረንም የሚሰማን አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋጊህ የማንኛውንም ፋብሪካ ኩፖን ሲያሰላ መነሻው የአደባባዩ ዓመት ሆነ። በዚያ ዓመት ደግሞ ከፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ የከፈሉት ፍርፋሪ ነው። ከጉድጓድ የወጣ ሰው ተራራ የወጣ ይመስላል። በዋጊህ ማሽን ላይ ሁሉም ተራራ ወጣ። ባለቤቱ ዕዳውን ጥሎ ዱባይ የገባ የብስኩት ፋብሪካ እንኳ በዓመት ሃያ ስድስት በመቶ እያደገ ተገኘ። እኛም ለብስኩቱ አጨበጨብን።

ከሁሉ የከበረው ግን የቢር ናኽል ዘይትና ሳሙና ፋብሪካ ነበር። በአደባባዩ ዓመት ለአንድ አክሲዮን ሩብ ፓውንድ ከፈለ። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ከሩብ። ሲካፈል አምስት ሆነ፤ የአምስት አምስተኛ ሥር አንድ ነጥብ ሠላሳ ስምንት፤ አንዱ ሲቀነስ ሠላሳ ስምንት በመቶ። ሐጂ ይህን ሲሰማ ዛግሉልን ጠርቶ ለጠረጴዛው ሁሉ ሳህለብ የሚባለውን ትኩስ የወተት መጠጥ ግብዣ አዘዘ፤ ሒሳቡን ሳይከፍል ሄደ እንጂ።

የዋጊህ ታላቅ እህት ታፊዳ፣ እንደ ካይሮ ልማድ «አብላ» የሚላት፣ ወደ ታሪኩ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው።

ታፊዳ ሹብራ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሰባ ዓመት የሞላት፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። ቤቱ ሕግ እንዳይጨምር በከለከለው በድሮው ኪራይ የተያዘ ስለነበረ በወር የምትከፍለው የሁለት ሳህን ኩሻሪ ዋጋ አይሞላም። የአከራዩ ወራሾች ሕንፃውን ሊያፈርሱት ፈለጉና የቁልፍ መልቀቂያ ብለው ሦስት መቶ ሺህ ፓውንድ አቀረቡላት። ታፊዳ ወንድሟን ለምክር ልትጠይቅ ቡና ቤታችን ድረስ መጣች። ሴት ገብታበት የማታውቅ ጠረጴዛ ነበር። ሐጂ እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያን ቀን የሰማው አንድ ሠፈር ብቻ ነው።

«አንተ ዋጊህ» አለችው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ። «ከለቀቅሁ የምገባበት ቤት በአዲሱ ውል ነው። በአዲሱ ውል ደግሞ ኪራዩ በየዓመቱ ዐሥር በመቶ ይጨምራል። ባንክ ባስቀምጠው ወለዱ ባለበት ነው፤ ኪራዩ እየሮጠ ወለዱ ቁጭ ብሎ እንዴት ይሆናል? ከዐሥር በላይ የሚያድግ ነገር ካለ ንገረኝ። ከሌለ አልለቅም፤ ቤቱን እላዬ ላይ ያፍርሱት።»

ጥያቄው እንደዚህ የጠራ ነበር። ከጣሪያዋ ሥር መቅረቷና አለመቅረቷ በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ።

ዋጊህ ማሽኑን አወጣ። ሳይቸኩል ተጫነ። ከዚያ ማሽኑን ወደ እሷ አዞረላት።

«ሠላሳ ስምንት፣ አብላ።»

«በዓመት?»

«በዓመት።»

«እማማ ትሙት በል።»

«እማማ እኮ ሞታለች።»

«ቢሆንም በል።»

«እማማ ትሙት» አለ ዋጊህ።

ሐጂ መታገሥ አልቻለም። «እመቤቴ፣ ዐሥር በመቶ በአህያ ነው የሚሄደው፤ ሠላሳ ስምንት በባቡር! አከራይዎ ራሱ መጥቶ ያበድሩኝ ይልዎታል!»

ታፊዳ ተስማማች። ወራሾቹ ገንዘቡን በሰኔ ከፈሏት፤ ቁልፉን በፍልሰታ ጾም ልታስረክብ ፈረመች። የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ ለብቻው አስቀመጠችና በቀረው ሁሉ የቢር ናኽልን አክሲዮን ገዛች፤ አንዱን በዐሥራ ሁለት ፓውንድ።

ቁልፉ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ሐጂ ሙተወሊ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ወንድሙ ከሞተ አርባው ወጥቷል። ሟቹ የቢር ናኽል አክሲዮን ነበረው፤ ኩፖኑን እየተቀበለ በአደራ የሚያስቀምጠው ሐጂ ነው።

«የወንድሜ ልጆች በላኸው እያሉ ያሙኛል» አለ። «እሱ የገዛው ከአደባባዩ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። ያኔ ኩፖኑ አንድ ከሰባ አምስት ነበር። እስኪ ከዚያ ጀምረህ አስላልኝ፣ ኡስታዝ። ለወላጅ አልባ ሲሆን ሕጋችን አይሠራም፤ እግዜር ያየኛል።»

ዋጊህ አንድ ከሩብን ለአንድ ከሰባ አምስት አካፈለ። ስምንተኛ ሥር አወጣ። አንዱን ቀነሰ። ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። አጥፍቶ አበራውና እንደገና አሰላ። ከዚያ ክዳኑን ከደነው።

«ስንት አለ?» አለው ሐጂ።

«አራት።»

«አራት በመቶ ያድጋል? ትንሽ ነው፤ ግን አይከፋም።»

«አራት በመቶ ይቀንሳል። በየዓመቱ።»

ዛግሉል እንኳ ትሪውን ይዞ ቆመ።

«ቆይ» አለ ሐጂ። «ያው ፋብሪካ ነው?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ሠላሳ ስምንቱ ውሸት ነበር?»

«ውሸት አይደለም፣ ሐጂ። እሱም ልክ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።»

ሐጂ ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። «እሰይ! ለልጆቹ አራት ሲቀነስ ብለህ ንገርልኝ፤ ብዙ እንዳይጠይቁኝ። ለጠረጴዛው ሠላሳ ስምንቱ ይቆይ!»

ሁላችንም ሳቅን። ነጋዴ ማለት ይህ ነው አልን። ዋጊህ ብቻ አልሳቀም፤ ትከሻው አልተንቀሳቀሰም። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣና ወደ ሹብራ ሄደ። እዚያ የሆነውን የነገረን ራሱ ነው፣ ኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ታፊዳ በሩን የከፈተችለት መጥበሻ በእጇ ይዛ ነው። ቤቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ የፍልሰታ ጾም ዓሣ አይከለክልም። ቁም ሣጥኑ ለጎረቤት ተሰጥቷል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሎቹ የነበሩበት ቦታ ነጥቶ ይታያል።

«መጣህ? እሰይ። ያን ወንበር አውርድልኝ፤ የበረኛው ሚስት ትወስደዋለች።»

«አብላ፣ ስለ ኩፖኑ ልነግርሽ…»

«ምን ሆነ? ሠላሳ ስምንት አላልከኝም?»

«ሠላሳ ስምንት ነው። ከአደባባዩ ዓመት ከተቆጠረ።»

«ከመቼ ሊቆጠር ነበር ታዲያ? ከኖኅ መርከብ?»

ዋጊህ አፉን ከፈተ። ገና ወራሾቹ ሕንፃውን አልነኩትም፤ አክሲዮኑን ሸጣ ገንዘቡን ብትመልስ ውሉን ማፍረስ ይቻል ነበር፤ ጥቂት ሺህ ቢከስሩም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ታፊዳ ግን ዓሣውን እየገለበጠች ጀርባዋን ሰጥታው ቀጠለች።

«ታውቃለህ? ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጋዝ ማለቁን እንኳ የምነግረው እኔ ነበርኩ። በዕድሜዬ አንድ ወንድ ስለ እኔ ቁጭ ብሎ አስቦ አያውቅም። አንተ አሰብክልኝ። እናታችን ‹ዋጊህ ለምንም አይሆንም› ስትል አልነበር? ብትሰማ ደስ ይላት ነበር። ቁጭ በል፣ ዓሣ ብላ።»

ቁጭ አለ። በላ። ሲጨርስ ወንበሩን በትከሻው አድርጎ አራቱንም ፎቅ ወረደ። በማግስቱ ታፊዳ ቁልፉን አስረከበች።

በኅዳር መንግሥት የፓውንዱን ዋጋ ለገበያው ለቀቀውና በአንድ ሌሊት ግማሹ ጠፋ። ጠዋት የተነሣን ሰዎች ማታ ከተኛነው ሰዎች በእጥፍ ደኸይተን ነበር። ባንኮቹ ሃያ በመቶ እንከፍላለን ብለው ሰልፉ መንገዱን ዘጋው፤ ታፊዳ የምትሰለፍበት ገንዘብ አልነበራትም። የአክሲዮን ገበያው እንኳ ከነሙሉ ክብሩ ዘለለ፤ ቢር ናኽል ብቻ ዘይቱን በዶላር የሚያስመጣ ስለነበረ እንደ ሳሙናው እየሟሟ ሄደ። በዐሥራ ሁለት የገዛችው አምስት ገባ፤ በአምስትም የሚጠይቅ የለም።

«የአክሲዮኑ ዋጋ ምናችን ነው?» አለ ሐጂ። «እኛ የኩፖን ሰዎች ነን!»

የፋብሪካው ጠቅላላ ጉባኤ የተጠራው በጸደይ ነው። እኔም ሐጂም ነበርን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሰው የሚመጣው ለመምረጥ እንዳይመስላችሁ፣ ቢር ናኽል ለጉባኤተኛው ሁሉ ሳሙናና ዘይት የሞላበት ከረጢት ይሰጣል። አንዳንዱ አንዲት አክሲዮን ይዞ ከአስዋን ለሳሙናው ብሎ ይመጣል፤ የባቡሩ ዋጋ የሳሙናውን ሦስት እጥፍ ነው፣ ግን ነጻ ነገር ነጻ ነው። ታፊዳ በጥቁር ቀሚሷ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከዋጊህ ጎን ተቀምጣለች። በሌላው ጎኗ አንድ ሽማግሌ ዘይቱ እንዳይፈስ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፈው ያወሯታል።

ሊቀ መንበሩ ወፍራም፣ ለስላሳ ሰው ነበር። ስለ ዓለም ገበያ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ አዲሱ የማሸጊያ መሣሪያ ተናገረና በመጨረሻ ዘንድሮ ኩፖን እንደሌለ፣ ትርፉም ለወደፊቱ እንደሚጠራቀም አስታወቀ። አዳራሹ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨብን አላውቅም፤ ምናልባት እጃችን በሳሙናው ተይዞ ስለቆየ ማፍታታት አስፈልጎት ይሆናል።

ታፊዳ ተነሣች። ድምፅ ማጉያ አልጠበቀችም።

«እኔ የምጠይቀው አጭር ነው፣ ጌታዬ። በነሐሴ ኪራዬ ዐሥር በመቶ ይጨምራል። ኩፖኑ ስንት ይጨምራል?»

«እመቤቴ» አለ ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብሎ፣ «ኩባንያችን የሚያስበው ረጅሙን ጊዜ ነው።»

«ምን ያህል ረጅም? ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀ። ሐጂ ሙተወሊ ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ ከዚያ የዋጊህን ፊት አየና ሳቁን መሃል ላይ ቆረጠው። ታፊዳ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ሊቀ መንበሩ ወደ ሌላ ጠያቂ ሲዞር ተቀመጠች።

በሜትሮው ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከፊታቸው ብረቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለት ጣቢያ አለፍን።

«እኒያ ሽማግሌ» አለች ታፊዳ፣ «ከአደባባዩ በፊት ኩፖኑ አንድ ከሰባ አምስት ነበር አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ዋጊህ።

«እና ካለፈው ዓመቱ ይበልጥ ነበር ማለት ነው።»

«ይበልጥ ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

ዋጊህ ይዋሽ ዘንድ ጸለይኩ። የልጅቱ አባት ሶፋ ላይ ያልዋሸ ሰው የት ተምሮት!

«መጀመሪያ አላውቅም ነበር። ዓሣ የጠበስሽ ቀን አወቅሁ።»

ታፊዳ ወደ እሱ አልዞረችም። በመስኮቱ ጨለማውን ዋሻ ታያለች።

«ቁልፉን የሰጠሁት በማግስቱ ነው።»

«በማግስቱ ነው፣ አብላ።»

«እንግዲያው ዓሣውን ወድደኸው ነበር» አለች። መውረጃዋ ሲደርስ የሳሙናውን ከረጢት ጭኑ ላይ ትታለት ወረደች።

በነሐሴ ኪራዩ ጨመረ። በመስከረም ከፈለች፤ በጥቅምት ግማሹን ከፈለች። አክሲዮኑን በተገኘው ዋጋ ሸጠችው፤ የተገኘው እስከ ስቅለት አደረሳት። ዋጊህ ክፍሉን ሊለቅላት፣ እሱ ሳሎን ሊተኛ ለመነ። በካህኑ በኩል አስለመነ። እኔም ሄጄ ለመንኳት።

«በል ተወኝ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ደጁ ላይ እንኳ እተኛ ነበር። እሱ ቢሳሳት ኖሮ አብሬው እኖር ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ይታዘንለታል። እሱ ግን አውቆ ዓሣዬን በላ። ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ፉል መብላት አልችልም።»

ከካይሮ ዳር፣ ሹብራ ኤል-ኼማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስተዳድረው የአረጋውያን ቤት ገባች። አራት ሴቶች በአንድ ክፍል ናቸው፤ አንደኛዋ ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት የሌለ ባሏን ትጣራለች። መስኮቱ የሚያየው የጎማ መጋዘን ነው።

ጠረጴዛችን አልተለወጠም። ባለፈው አንድ አዲስ ሰው የማዳበሪያ ፋብሪካ ኩፖን ይዞ መጣ። ዋጊህ ማሽኑን አወጣና «ከየትኛው ዓመት ልጀምር?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ በፊት ጠይቆ አያውቅም። ሐጂ «ከአደባባዩ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። አዲሱም ሰው ከአደባባዩ ይሁንልኝ አለ። ዋጊህ በሁለቱም አሰላና ሁለቱንም ቁጥር ነገረው። ሰውየው ትልቁን መርጦ፣ አመስግኖ፣ እየሮጠ ሊገዛ ሄደ።

ዋጊህ ዓርብ ዓርብ ሹብራ ኤል-ኼማ ይሄዳል። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቶ ነበር፤ ቆዳው ስስ የሆነውን እየመረጠ ሻጩን አሰለቸው። በር ላይ ያለችው መነኩሲት ወደ ላይ ወጥታ ተመለሰች።

«ተኝታለች፣ አባባ።»

ቀትር ነው። ከላይ፣ በተከፈተው መስኮት፣ የታፊዳ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የጠፋ ካልሲ ጉዳይ ላይ አንዲቷን ሴት ልብ ልቧን ትነግራታለች። መነኩሲቷ ሰምታ ቀላች። ዋጊህም ሰማ።

«ትተኛ፤ አትቀስቅሷት» አለ። ብርቱካኑን ሰጣት። አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥኩ። የእህቱ ድምፅ ከመስኮቱ እስኪያቆም አዳመጠ፤ ከዚያ ተነሣን።